ማስተካከያ፦ ቡናማ ዳክዬ ሁሉ ሴት አይደለም

በመጸው ወራት ሐይቅና ረግረግ ዳር ስለሚታዩ ወፎች ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ ሁለት ነገር መታረም አለበት።

«ቡናማ ዳክዬ ካያችሁ ሴት ናት» ተብሎ ነበር። በመጸው መጀመሪያ ይህ አያስኬድም። ወንዱ ማላርድ (በብዛት የሚታየው የዱር ዳክዬ) ከእርባታ በኋላ ያን የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ የራስ ላባ ጥሎ ሴቷን ይመስላል። የክንፉ ላባም በአንድ ጊዜ ስለሚረግፍ ለሦስት ለአራት ሳምንት ያህል መብረር አይችልም። እባካችሁ፣ ሸምበቆ ውስጥ የተሸሸጉ ዳክዬዎች ካያችሁ አትጠጓቸው። በዚያ ሰሞን ማምለጫቸው ዋናና መደበቅ ብቻ ነው። አዲሱ ደማቅ ላባ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ፣ በመሃሉ ዝንጉርጉር ወንድ ማየትም ያጋጥማል።

ታዲያ በምን ይለያሉ? ምንቃራቸውን እዩ። የወንዱ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ወጥ ቢጫ ነው። የሴቷ ብርቱካናማ ሆኖ መሃሉ ላይ ጠቆር ይላል። እኔ ከላባው ይልቅ በዚህ ምልክት እተማመናለሁ።

ሁለተኛው የሲጋሎች፣ ማለትም በባሕርና በሐይቅ ዳር የሚኖሩት ወፎች፣ ጉዳይ ነው። ቡናማ ዝንጉርጉሩ ሲጋል «ሌላ ዝርያ» ተብሏል። ብዙውን ጊዜ ግን ሲያድግ ነጭና ግራጫ የሚሆነው የዚያው ሲጋል ወጣት ነው። እንደ ሄሪንግ ጋል ያሉት ትልልቆቹ ሙሉ የአዋቂ ላባቸውን ለመልበስ 4 ዓመት ገደማ ይፈጅባቸዋል። ባለ ጥቁር ራሱ ትንሽ ሲጋል ደግሞ በመጸው ራሱ ይነጣል፤ ከዓይኑ ኋላ ጥቁር ነጥብ ብቻ ይቀርለታል።

ፀሐይን ከጀርባ አድርጋችሁ ተመልከቱ የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ እንዳለ ይቆያል።