ባስ አልፈልግም አልኩ እኮ!

ከዛሬ ጀምሮ «ለምን ባሱን አትይዝም?» የሚለኝ ሰው ካለ ሰላምታም አንለዋወጥ። በቃኝ።

ባስ ስል አውቶቡሱን አይደለም፣ አሳውን ነው። የማወራው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት ስላለው ሚኒቶንካ ሐይቅ ነው። ሚኒያፖሊስ አካባቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከከተማው በስተምዕራብ፣ ሀብታሞቹ ዙሪያውን ቤታቸውን የደረደሩበት ሐይቅ። የታወቀው በባስ ነው። የባስ ውድድር ይካሄድበታል፤ የሚያብረቀርቅ ቀለም የተቀባ የባስ ጀልባ ይርመሰመስበታል። እኔ ደግሞ የምፈልገው ዋልአይ የሚባለውን አሳ ነው። ሚኒሶታ በ1965 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) «የግዛቴ አሳ» ብላ በሕግ የሰየመችው እሱን ነው፣ ባስን አይደለም። ሥጋው ነጭ ነው፤ ሽታ የለውም፤ አጥንቱ በቀላሉ ይወጣል። ለኮተሌት በሉት፣ ለጉላሽ በሉት፣ ለዱለት በሉት፣ እሱን የሚያህል እዚህ አገር አላየሁም። የግዛቱን አሳ በግዛቱ ሐይቅ ውስጥ መፈለግ ምኑ ነው የሚያስቀው?

የለም እንዳትሉኝ ደግሞ። አለ። መንግሥት ራሱ የዋልአይ ጫጩት እያመጣ ይጨምርበታል። ችግሩ ሐይቁ ለባስ ያደላል። በ1987 ሚልፎይል የሚባል መጤ አረም ተገኘበት። ባስ አረም ውስጥ ተሸጉጦ ማደን ነው የሚወደው፤ ሠርግና ምላሽ ሆነለት። በ2010 ደግሞ ዜብራ መስል የምትባል ጥፍር የምታክል ባለመስመር ዛጎል ተገኘች። ይቺ ጉደኛ ውሃውን እያጣራች ነው የምትመገበው። ውሃው በጠራ ቁጥር ፀሐይዋ ወደ ታች ትዘልቃለች። ዋልአይ ደግሞ ከብርሃን ጋር አይስማማም። ከዓይኑ ጀርባ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ሽፋን ስላለው ማታ በባትሪ ስታበሩበት ዓይኑ እንደ ጅብ ዓይን ቦግ ይላል። በጨለማ አጥርቶ ያያል፤ ቀን ቀን ጥልቁ ጋ ይመሽጋል።

ታዲያ የሚበላው መቼ ነው? ሲመሽ! ሰኔ ላይ እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። እኔ አምስት ሰዓት ላይ ፈረቃ እገባለሁ። መንዳቱን፣ ልብስ መቀየሩን ቀንሱና የምትቀረኝን ደቂቃ አስሏት። ያቺ ደቂቃ ስትደርስ ሙዚቃውን የለቀቀ ጀልባ ማዕበሉን እያስነሳ ከች ይላል። የራሴ ጀልባ እንኳ የለኝም፤ ዳር ነው የምቆመው። ዳሩ ደግሞ የሰው ግቢ ነው። ለሕዝብ በተተወችው ጠባብ ቦታ ላይ ትከሻ ለትከሻ ነን።

ማባበያው ራሱን የቻለ ብሶት ነው። ዋልአይ አልቅት ይወዳል። አዎ፣ አልቅት! አገር ቤት ከብቱ አፍ ውስጥ እየገባ ያስለቀሰን አልቅት፣ እዚህ በደርዘን ተቆጥሮ ከፍሪጅ ወጥቶ ይሸጣል። እናቴ ዶላር ከፍዬ አልቅት እንደምገዛ ብትሰማ ጸበል ነው የምታስገባኝ። ባለቤቴ ከአዋዜው ጎን አስቀምጬው ያየች ቀን የሆነውን ባልነግራችሁ ይሻላል።

ያንን አልቅት በሰፊው ጫፉ በኩል መንጠቆው ላይ እሰካና እወረውራለሁ። ተንሳፋፊዋ ትንቀጠቀጣለች። ሰንፊሽ የሚባል ትንሽ አሳ ነው፤ ቦጨቅ አድርጎልኝ ሄደ። ሌላ እሰካለሁ። ዝም። ከዚያ ድንገት ተንሳፋፊዋ ስምጥ! ዘንጉ ይጎብጣል፣ ክሩ ይከራል፣ ልቤ ይመታል። እየጎተትኩ ዓይኔ ጅራቱ ላይ ነው፤ የዋልአይ ጅራት ታችኛው ጫፍ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ነጭ የለም። አረንጓዴ ጀርባ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር፣ ቡጢ የሚያስገባ አፍ። ባስ!

አጠገቤ ያለው ሰውዬ፣ ሸሚዙ በማስታወቂያ ተሸፍኖ፣ ያጨበጭብልኛል። «ናይስ ባስ፣ ማን!» ከጠዋት ጀምሮ ሲለምነው የዋለውን አሳ እኔ ሳልፈልገው ይዤበት፣ እሱ ቀንቶ እኔ በግኜ እንተያያለን። ቢይዘው እኮ አይበላውም! ይመዝነዋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይለቀዋል። እኔ ሽንኩርት ከትፌ ነው ከቤት የወጣሁት።

«ባስም ይበላል እኮ» ትሉኛላችሁ። ይበላል። በሐምሌ ሙቀት ከአረም ውስጥ የወጣ ትልቅ ባስ ግን ለእኔ ጭቃ ጭቃ ይለኛል። «ከሱቅ ግዛ» ትላለች ባለቤቴ ደግሞ። ከካናዳ በበረዶ ደርቆ የመጣውን፣ ሐይቅ አጠገብ ተቀምጬ!

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ወቅቱ ነው። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አታምጡብኝ፤ ከንስሐ አባቶቻችሁ ጋር ጨርሱት። እኛ ቤት በሁዳዴ አሳ ይበላል። የዋልአይ ማጥመጃ ወቅት የሚዘጋው ደግሞ በፌብሩዋሪ የመጨረሻ እሑድ ነው። በ2025 እሑድ ፌብሩዋሪ 23 ተዘጋ፤ ሁዳዴ ሰኞ ገባ። በማግስቱ! ፋሲካ አልፎ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ ሰው ሥጋ ሥጋ እያለ ሜይ 10 ተከፈተ። ያኔ ሕጉ በቀን እስከ ስድስት ዋልአይ ይፈቅድ ነበር። ስድስት! እኔ አንዱን ባገኝ ሰፈሩን በእልልታ አናውጠው ነበር።

«ታዲያ ወደ ሰሜን ሂዳ» የሚሉኝም አሉ፣ የማባበያ ሱቁን ልጅ ጨምሮ። ሚላክስ ሐይቅ መቶ ማይል ገደማ ነው። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣ ልጆች ትምህርት ቤት አድርሼ፣ መቶ ማይል ልንዳ? ሲገርማችሁ ደግሞ፣ በዋልአይ ስሙ የገነነው ሚላክስ ላይ በ2016 እና በ2017 የአገሪቱ ምርጥ የባስ አጥማጆች ሻምፒዮና ተካሂዷል። እዚያም ቀድሞኝ ደርሷል ማለት ነው!

ለማንኛውም፣ ጀልባ ያለው፣ ማታ የሚወጣ አበሻ ካለ ኢንቦክስ ያድርግልኝ። ማክሰኞ ማታ ፈረቃ የለኝም። ቤንዚኑን እችላለሁ፤ አልቅቱም ከእኔ። ኮሜንት ላይ «ባስ» ብሎ የሚጽፍ ግን ብሎክ ነው፣ የሥጋ ዘመዴም ቢሆን።