ብርጭቆው ምን አደረገ?

የባሕር ዳር ሰዎች፣ በተለይ ነጠላችሁን አጣፍታችሁ ከቅዳሴ የምትመለሱት፣ ዛሬ ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው።

ቀኑ የካቲት 16፣ ኪዳነ ምሕረት ነበር። ሰባኪው የበላዔ ሰብእን ታሪክ አነሡ። ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ ነው። ዘጌ ተሻግሮ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የተሳለመ ሰው ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አይቶታል። 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። አንድ ለምጻም በውሃ ጥም ተቃጥሎ በእመቤታችን ስም ቢለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በሚዛን ሲቀመጥ ያቺ ጥርኝ ውሃ ከዚያ ሁሉ ነፍስ በለጠች። ሕዝቡ እልል አለ። አጠገቤ የቆሙት እናት ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እኚህን እናት ያዙልኝ።

ከዚያ ለጽዋ ወደ ደጋሿ ቤት ሄድን። ዳቦው ተቆረሰ፣ ንፍሮው ዞረ፣ ጠላው ተቀዳ። የግቢው በር ክፍት ነበር። አንዲት ሴት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ከደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎችና ቅርጫቶች በገመድ አስራ ተሸክማለች። ጣና ዳር ታንኳ እየሠሩ ከሚኖሩት፣ ብዙ ሰው ከሚጸየፋቸው ከነገደ ወይጦ ወገን የሆነች ሴት ናት። አብዛኞቻችን በመልክ እናውቃታለን፤ ሐይቁ ዳር ለቱሪስት ትሸጥ ነበር። ቱሪስቱ ሲጠፋባት ሰፈር ለሰፈር መዞር ጀምራለች።

"ውሃ ይኖራችኋል?" አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

የደጋሿ ልጅ ብድግ አለች። ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ማንም ሳያዛት ከጆጉ ብርጭቆ ሞላች፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ ዝቅ ብላ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ጠጣች። "እደጊ" ብላ ብርጭቆውን መለሰችላት።

ልጅቷ ትሪው ጋ ሳትደርስ እኚያ እናት ተነሡ። ብርጭቆውን ከእጇ በሶፍት ይዘው ተቀበሉና የቆሻሻ ባልዲው ውስጥ ጣሉት። ሲወድቅ ተሰበረ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረው፣ "ለነሱ በብርጭቆ አይሰጥም፣ አልነገሩሽም? ሃይላንድ ሞልቶ የለም እንዴ?" አሏት። ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ አላደረጉም። ሴትዮዋ ገና አልሄደችም፣ ሸክሟን እያስተካከለች ነበር። ሁሉንም ሰማች። አቀርቅራ ወጣች።

ሃያ ያህል ሰዎች ነበርን። አንዱ "ልማድ ነው እንግዲህ" አለ። ጠላው መዞሩን ቀጠለ። እኔም ዝም ካሉት አንዷ ነኝ። ይህን ጽፌ አልፈዋለሁ፤ የእኔ ጸጸት ለሴትዮዋ ምንም አይፈይድላትም።

የሴትዮዋ መናቅ ያንገበግበኛል። እንቅልፍ የነሣኝ ግን የልጅቷ ፊት ነው። ጠዋት፣ ጥርኝ ውሃ ነፍስ ያድናል ተባለች። አምና ሰጠች። ቀትር ሳይሆን ጥፋተኛ ሆነች። ደቀ መዝሙር የሰማውን የሚያደርግ ከሆነ፣ ከዚያ ሁሉ ነጠላ ለባሽ መካከል ደቀ መዝሙሯ እሷ ነበረች። እሷኑ ገሠጽናት! ከእንግዲህ ለማን በብርጭቆ፣ ለማን በሃይላንድ እንደሚሰጥ ታውቃለች። አስተማርናት። ይህን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ወገኖቼ፣ ተስፋ የምናደርገው ምንድን ነው? በየቅዳሴው "ወንሴፎ ትንሣኤ ሙታን" እንላለን፣ የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን። ስንነሣ ከማን ጋር ልንቀመጥ ነው? እዚያም ሃይላንድ ይዘጋጅላቸዋል? ተስፋችንን እንደ ክት ልብስ ሣጥን ውስጥ ነው የቆለፍነው። ለቅሶ ሲሆን እናወጣዋለን፣ ቀብረን ስንመለስ አጥፈን እናስቀምጠዋለን። 55 ቀን መጾም እንችላለን። ጥር 11 ታቦቱ ፊት ምንጣፍ ለማንጠፍ ወጣቱ ይሽቀዳደማል። መልካም ነው፣ ማንም አይነቅፈውም። ማክሰኞ ገበያ ላይስ? ባጃጅ ውስጥስ?

"አባቶቻችን ያቆዩት ነው" የምትሉኝ አላችሁ። ምክንያቱን ስጠይቅ "ጉማሬ ይበሉ ነበር" ትላላችሁ። የጉማሬ አደን ከቀረ ስንት ዘመኑ! ደግሞስ ደሴቶቹ ላይ ለኖሩት አባቶች ማገዶው በምን ተሻገረ? በደንገል ታንኳ አይደለም? ታንኳውንስ የሚሠራው ማን ነው? ሰው በሠራው ታንኳ ላይ ነፍስን አምኖ ተሳፍሮ፣ ያው ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ መጸየፍ ምን ዓይነት ሂሳብ ነው?

ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4ን ክፈቱ። አይሁድ ከሳምራውያን ጋር አይተባበሩም ነበር። ጌታ ግን ሳምራዊቷን "ውኃ አጠጪኝ" አላት። ሴትዮዋ ራሷ እንደነገረችው መቅጃ አልነበረውም። እንግዲህ የለመናት በእሷው እንስራ ሊጠጣ ነው። ይህን ስንሰማ ያደግን ሰዎች ነን።

እኚያን እናት እንድትጠሏቸው አልጻፍኩም። ደግ ናቸው። የታመመ ይጠይቃሉ፣ እድር ላይ ከማንም ቀድመው ይገኛሉ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ጠዋት ያለቀሱት ከልባቸው ነው። ብርጭቆውንም የጣሉት ከልባቸው ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ ሳይተዋወቁ አብረው አርጅተዋል። በስንቶቻችን ውስጥ እንደዚያው ናቸው!

የምለምናችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። ሰው በራችሁ ላይ ውሃ ሲለምን ራሳችሁ በምትጠጡበት ስጡት። ልጆቻችሁ እያዩ ስጡት። ጎረቤት "ምነው?" ቢላችሁ "ውሃ ጠምቶት ነው" በሉት፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልጃችሁ ቀድማችሁ ከሰጠች ደግሞ፣ እባካችሁ፣ እጇን አትያዙ።

ለጽዋ ማኅበራችን ሙሴ፣ ለሰብሳቢያችን፣ ነግሬያቸዋለሁ። "በሚቀጥለው ጽዋ እናነሣዋለን" አሉኝ። መጋቢት ላይ አልተነሣም፤ የመዋጮ ጉዳይ ሰዓቱን በላው። ሚያዝያም እንዲሁ አለፈ። ግንቦት 16 ተራው የእኔ ነው። ሴትዮዋን ፈልጌ ጠርቻታለሁ። "እንጃ፣ ካልሠራሁ" ብላኛለች፣ አልፈርድባትም። ከማኅበሩ አንዳንዶቹ እንደማይመጡ ከአሁኑ ወሬው ደርሶኛል። ይቅሩ። ዳቦው ለመጡት ይተርፋል።