የገዛሁት ቤት ተከራይ

ጎበዝ፣ ዛሬ ልተንፍስ። ካልተነፈስኩ መፈንዳቴ ነው።

በ2014 ለንደን ውስጥ ቤት ገዛሁ። (እዚህ የማወራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ሁለት መኝታ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የስንት ዓመት የሌሊት ፈረቃ ላብ። ቁልፉን የተቀበልኩ ዕለት አዲስ አበባ ደወልኩ። እማዬ እልል አለች። ቡና ተፈላ፣ ድፎ ተቆረሰ፣ ጎረቤት ተጠራ። ልጃችን የቤት ባለቤት ሆነ!

የምን ባለቤት። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ፍላት (አፓርታማ) ስትገዛ አብዛኛውን ጊዜ የምትገዛው ዓመት ነው። መሬቱም ሕንፃውም የፍሪሆልደሩ፣ ማለትም የባለርስቱ ነው። የኔ ሊዝ ከ2005 ጀምሮ የሚቆጠር 99 ዓመት ነበር። ስገዛው 90 ቀርቶታል። ጠበቃዬን "ይበቃል?" ብዬ ስጠይቀው "90 ዓመት ልትኖር ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ያቺ ሳቅ ስንት እንዳወጣች ቆይ እነግራችኋለሁ።

ውሉ ላይ ስሜ "ተከራይ" ነው። የ25 ዓመት ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ተሸክሜ፣ ወጥ ቤቱን በገዛ ገንዘቤ አድሼ፣ ተከራይ! በየዓመቱ ደግሞ ግራውንድ ሬንት የሚባል 250 ፓውንድ እከፍላለሁ። ለምን? ለምንም። የአሳንሰሩና የኮሪደሩ መብራት በሰርቪስ ቻርጅ ለብቻው ይከፈላል። ይሄኛው መሬቱ የነሱ ስለሆነ ብቻ ነው። አባባ በኛ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. "መሬት ላራሹ" ብለው አደባባይ ከወጡት ተማሪዎች አንዱ ነበሩ። ልጃቸው ለንደን ድረስ መጥቶ ጭሰኛ ሆነላቸው።

"እኛም አገር ሊዝ አለ" እንዳትሉኝ። አውቃለሁ፣ ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው። እዚያ ቢያንስ አከራይህ መንግሥት ነው፤ ቢሮው ሄደህ ትሰለፋለህ፣ ትጨቃጨቃለህ። የኔ ባለርስት ኩባንያ ነው። በደብዳቤ እንጂ በአካል አላውቀውም።

አሁን ወደ ቁስሌ። ሊዝህ 80 ዓመትና ከዚያ በታች ሲሆን ማሪጅ ቫልዩ የሚባል ጣጣ ይመጣብሃል። ቃል በቃል "የጋብቻ ዋጋ" ነው። ሊዙን ለባለርስቱ ከፍለህ ስታራዝም የቤቱ ዋጋ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ትርፍ ግማሹን ለባለርስቱ ትሰጣለህ። 80 ዓመት ከአንድ ቀን ከቀረህ ለዚህ ጣጣ ሳንቲም አትከፍልም። ያቺ አንድ ቀን ካመለጠችህ አለቀልህ። ማን እንዳጋባን አላውቅም፤ ጥሎሹን የምጥለው ግን እኔ ነኝ።

"ለምን ቀድመህ አላራዘምክም?" የሚለኝ ሰው አለ። ሊገድለኝ ነው። በሜይ 2024 ፓርላማው አዲስ ሕግ አወጣ። ማራዘሚያው ከ90 ወደ 990 ዓመት ከፍ ይላል፣ ማሪጅ ቫልዩም ይቀራል ተባለ። የኔ ሊዝ ያኔ 80 ዓመት ከጥቂት ወር ነበረው። ሰርቬየሩ (የንብረት ዋጋ ገማቹ) ማራዘሚያውን 11 ሺህ ፓውንድ ገደማ ገምቶልኛል። ለቅሶ ቤት ያገኘሁት፣ ክርስትና ላይ ያገኘሁት፣ ሁሉም ሰው "ጠብቅ!" አለኝ። ሕጉ ወጥቶ የለ? እኔም ጠበቅሁ።

ለካ ሕግ መውጣት ሌላ፣ ሥራ ላይ መዋል ሌላ! ምርጫ መጣ፣ መንግሥት ተቀየረ። ባለርስቶቹ ተሰብስበው ሕጉን በመቃወም መንግሥትን ከሰሱ። በኦክቶበር 2025 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲፈርድባቸው ጨፈርኩ። ጭፈራዬ ግን ምንም አልፈየደም፤ 2025 ሲያልቅም ማሪጅ ቫልዩ እንዳለ ነበር። የኔ ሊዝ ደግሞ በሴፕቴምበር 2024 መስመሯን አልፏል።

አዲሱ ግምት 23 ሺህ ፓውንድ ነው። በዚያ ላይ የራሴን ጠበቃና ሰርቬየር እከፍላለሁ። በዚያ ላይ የባለርስቱንም ጠበቃና ሰርቬየር እኔው ነኝ የምከፍለው! የሚከራከረኝን ሰው አበል! ልሽጠው ብል ደላላው ገና ሳያየው "ሊዙ አጥሯል፣ የገዢው ባንክ ያቅማማል" ይለኛል። 78 ዓመት አጥሮ!

አንዲት ነገር ብቻ ታስቀኛለች። በነባሩ የ1993 ሕግ ካራዘምክ ባለህ ላይ 90 ዓመት ይጨመርልሃል፣ ግራውንድ ሬንቱም "አንዲት የቁንዶ በርበሬ ፍሬ" ይሆናል። በሕግ ቋንቋቸው ዜሮ ማለት ነው። ለእማዬ ስነግራት "ይሄማ ምን ችግር አለው፣ በሰው እልክልሃለሁ" አለች። አባባ ስልኩን ተቀበሉና "ስንት ዓመት ቀረህ?" አሉኝ።

"78።"

"የኔን ዕድሜ ያህል? ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል!"

ለማንኛውም መጠበቅ በቃኝ። ሰኞ ማመልከቻው ይገባል። ባለርስቱ መልስ ለመስጠት ቢያንስ 2 ወር አለው። የዘንድሮው የግራውንድ ሬንት ደብዳቤ ግን ትናንት ደርሷል። ካዘገየሁ ቅጣት አለው።