ከተርሚኒ እስከ አራት ኪሎ፦ ልጆች ይዞ ሆቴል መምረጥ

እኛ ውጭ የምንኖር ሰዎች ላይ ሁሌ የምታዘበው አንድ ነገር አለ። ልጆቻችንን ይዘን ሮም ወይ ፓሪስ ለመሄድ ስናስብ ካርታ ከፍተን ሆቴሉ ከሜትሮ ስንት ደቂቃ ነው፣ ሊፍት አለው ወይ፣ ማታ ሰፈሩ እንዴት ነው እያልን ሁለት ሳምንት ሙሉ እናጣራለን፣ አዲስ አበባ ስንሄድ ግን ትኬቱን እንቆርጥና "ቦሌ አካባቢ የሆነ ነገር አይጠፋም" ብለን እንነሳለን። ለማናውቀው ከተማ ይሄን ሁሉ ተጨንቀን ልጆቻችን እንዲወዱልን ለምንፈልገው ከተማ ግን ምንም አለመጨነቃችን በጣም ይከነክነኛል። እኔም ለዓመታት እንደዛው ነበር ያደረግኩት።

ሮምን ላስቀድም። ሦስት ልጆች አሉን፣ ያኔ ትንሹ አራት ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ዋጋ ብቻ አይቼ ከከተማው ወጣ ብሎ ቀለበት መንገዱ አጠገብ ያለ ሆቴል ያዝኩ። ሰፊ ክፍል፣ መዋኛ ገንዳ፣ እንደልብ ፓርኪንግ። እኛ ግን መኪና አልያዝንም። ጠዋት አውቶቡስ ጠብቀን፣ ከዛ ሜትሮ ቀይረን፣ ከሆቴሉ በር ኮሎሲየም ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅብን ነበር። ትንሹ ልጅ ስድስት ሰዓት ሲሆን ትከሻዬ ላይ ይተኛል፣ ፀሐዩ የሐምሌ ፀሐይ ነው፣ ተመልሰን እንዳናሳርፈው ሆቴሉ ሩቅ ነው፣ ስለዚህ ለመቀመጫው ስንል ብቻ የቱሪስት ምግብ ቤት እየገባን ውድ ምሳ እንከፍላለን። ማታ አውቶቡሱ ሲዘገይ ታክሲ። ሦስተኛው ቀን ላይ ትልቋ "ዛሬ አልወጣም" አለች። ከክፍሉ አተረፍኩ ያልኩት ብር በታክሲና በምሳ አለቀ፣ ልጆቹም ከሮም ይልቅ የሚያስታውሱት የአውቶቡስ ፌርማታውን ነው።

ሁለተኛ ስንሄድ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ያዝን። እዛ ሰፈር ርካሽ ሆቴል ማለት ብዙ ጊዜ የድሮ ሕንፃ አንድ ፎቅ ላይ ያለ ጥቂት ክፍል ነው፤ ሊፍቱ ሁለት ሰው ከነሻንጣ አይችልም፣ ቁርሱ ቀለል ያለ ነው፣ ማታ ሪሴፕሽን ላይ ሰው ላይኖር ይችላል፣ አልጋና ግድግዳው መሃል በጎን ነው የሚታለፈው። ግን ኤ እና ቢ የሚባሉት የሜትሮ መስመሮች የሚገናኙት እዛ ነው፣ በቢ መስመር ኮሎሲየም ሁለተኛው ፌርማታ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀትር ላይ የምትመለሱበት ቤት ይኖራችኋል። ሰው ይሄን ነገር ልጅ ይዞ እስካልተንከራተተ ድረስ አይገባውም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ወጥተን፣ ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሰን፣ ልጆቹ እግራቸውን ታጥበው ተኝተው፣ አሥር ሰዓት ላይ እንደ አዲስ እንወጣለን። አንዱ ቀን ሁለት ቀን ሆነልን። ስለዚህ አሁን የሆቴል ዋጋ ሳወዳድር መጀመሪያ የማየው "ቀትር ላይ በእግር ወይ በአንድ ትራንስፖርት መመለስ እችላለሁ ወይ" የሚለውን ነው፣ ካልቻልኩ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም አልይዝም።

ቤተሰብ ላለው ሰው ሌሎችም ሂሳቦች አሉ። ሮም ውስጥ ኢንተርኔት ላይ የሚታየው ዋጋ ብዙ ጊዜ የከተማውን ታክስ አይጨምርም፣ እሱ በሰውና በሌሊት እየተቆጠረ ሆቴሉ ጋ ይከፈላል፣ ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ግን አይከፍሉም። ኮሎሲየምም ከ18 ዓመት በታች መግቢያ ነፃ ነው፣ እንደዚህ ያለው ነገር ተደምሮ መሃል ከተማ ላለ ክፍል የሚጨመረውን ብር ይሸፍናል። እኛን የሚያስቸግረን ቁጥራችን ነው። አምስት ነን፣ የቤተሰብ ክፍል የሚሉት ደግሞ አብዛኛው ለአራት ነው፣ አምስተኛው ሕፃን ነው ብትሏቸውም ደንቡ አይፈቅድም ይሏችኋል። ያኔ ሁለት ክፍል መያዝ ግድ ነው፣ በመሃል በር የሚገናኙ መሆናቸውን ግን በጽሑፍ አረጋግጡ፣ አለበለዚያ አንዱ ሁለተኛ ፎቅ ሌላው አራተኛ ፎቅ ሆኖ አባትና እናት ተለያይተው ያድራሉ።

የባቡር ጣቢያ ሰፈር ስም ጥሩ አይደለም፣ አውቃለሁ። እኔ የማደርገው ሰፈሩን በጅምላ ከመፍረድ መንገዱን ማየት ነው፣ ካርታው ላይ ያለውን የመንገድ ፎቶ ከፍቼ ከጣቢያው በር እስከ ሆቴሉ በር እየተራመድኩ አያለሁ፣ ከዛ ልጅ ይዘው ያረፉ ሰዎች የጻፉትን አስተያየት ብቻ መርጬ አነባለሁ፣ ጥሩ ነው የሚለውን ትቼ ቅሬታውን። አንድ ሰው ስለ ፎጣ ቢያማርር አልሰማውም፣ ሦስት ሰው ስለ ሌሊት ጩኸት ከተናገረ ግን እተወዋለሁ።

ደግሞ ለኛ ለሐበሾች ተርሚኒ ሌላ ትርጉም አለው። ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፣ የአምስቱ መቶ አደባባይ እንደማለት ነው፣ አምስት መቶዎቹ ደግሞ በ1879 ዓ.ም ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። የመታሰቢያ ሐውልታቸውም እዛው ቅርብ ነው። ሻንጣ እየጎተትን ስናልፍ ይሄን ለልጆቼ ነገርኳቸው፣ ትልቋ ቆማ አየችው። በማግስቱ በሜትሮ ሦስት ፌርማታ ሄደን ቺርኮ ማሲሞ ወረድንና በወረራው ጊዜ የተወሰደው የአክሱም ሐውልት ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆሞበት የነበረውን ቦታ አሳየኋቸው። በ1997 ዓ.ም በአውሮፕላን ተመልሶ በ2000 አክሱም ላይ መተከሉን ስነግራቸው "ባዶ ቦታ ለማየት ነው የመጣነው?" አለኝ መካከለኛው፣ አዎ አልኩት። ሩቅ ሆቴል ብናርፍ ኖሮ ለዚህ የሚሆን ጊዜም ጉልበትም አይተርፈንም ነበር።

አሁን አዲስ አበባ። ስንት ጊዜ ሄደናል፣ ሁሌም ቦሌ። ሆቴሎቹ ጥሩ ናቸው፣ ለኤርፖርት ቅርብ ናቸው፣ በዛ ላይ አልከራከርም። ግን ከዛ የሚሆነው ምንድን ነው፣ ጠዋት መኪና ይመጣል፣ አንድ ዘመድ ቤት፣ ምሳ፣ ቡና፣ ከዛ ትራፊክ ውስጥ አንድ ሰዓት ቆመን ሌላ ዘመድ ቤት፣ ራት፣ በጨለማ መመለስ። የአውሮፓ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ደግሞ በኛ ክረምት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ መንገዱ ጭራሽ ይቆማል። አንድ ጊዜ ልጄን አስተማሪዋ ስለ አዲስ አበባ እንድትናገር ጠይቃት ሶፋና መኪና ብቻ ነው ትዝ ያለኝ አለችኝ። ያመመኝ እውነት ስለሆነ ነው። የሮምን ባዶ አደባባይ ያሳየኋት ልጅ አራት ኪሎን በእግሯ ረግጣ አታውቅም ነበር።

ባለፈው አራት ኪሎ አካባቢ እንረፍ ብዬ ወሰንኩ። አገር ቤት ሲሆን ጥያቄዎቹ ይለወጣሉ። ኮሎሲየም አጠገብ ሆቴል ስትይዙ ውሃ አለ ወይ ብላችሁ አትጠይቁም፣ እዚህ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው፣ ውሃ በፈረቃ ከሆነ ሮቶው ለሁሉም ክፍል ይበቃል ወይ፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ሊፍቱንና ሙቅ ውሃውን ይይዛል ወይ ወይስ አምፖል ብቻ ነው። መስኮቱ ወደ የት ይዞራል፣ ሥሩ የሙዚቃ ቤት አለ ወይ። ክፍያው በፓስፖርት ይለያያል ወይ፣ አንዳንዱ ሆቴል ለውጭ ፓስፖርት ሌላ ዋጋ ስላለው ይሄን ሳይነጋገሩ ሄዶ ሪሴፕሽን ላይ መጨቃጨቅ ለማንም ጥሩ አይደለም። አድራሻውም ችግር ነው። ካርታው ላይ ያለው ምልክት ሌላ መንገድ ላይ ሆኖ አገኘሁት፣ ደውዬ ከአራት ኪሎ ሐውልት ስንት ደቂቃ ነው ስል "ቅርብ ነው" አሉኝ፣ በእግር ነው በመኪና ስል ዝም። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ፒያሳና አራት ኪሎ እንደነበሩ አይደሉም፣ ስለዚህ ከዛ በፊት የተጻፈ አስተያየት ስለሌለ ሰፈር ነው የሚያወራው። በመጨረሻ የአጎቴን ልጅ ለምኜ ሄዶ አየልኝ፣ ከሆቴሉ በር እስከ ሐውልቱ ተራምዶ ደቂቃውን ቆጥሮ ነገረኝ። አገር ቤት ከዚህ የተሻለ መንገድ እስካሁን አላገኘሁም።

አክስቴ ግን ተቀየሙኝ። "ቤት እያለ ሆቴል? ምን አጠፋን?" አሉኝ በስልክ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ እኛ ዘንድ ዘመድ እያለው ሆቴል የሚያርፍ ሰው ቤቱን የናቀ ነው የሚመስለው። በነጋታው ሄጄ ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው፣ ልጆቹ ከተማቸውን በእግራቸው እንዲያውቁ ፈልጌ ነው፣ ማታ ማታ እንመጣለን፣ እርሶም ቀን ከኛ ጋር ይውጡ አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና "እኔም ሙዚየሙን አይቼው አላውቅ" አሉ። አርባ ዓመት የኖሩበት ከተማ ነው።

የሆቴሉ ሰዎችን ደግነት ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። አምስት ነን ስላቸው ማንም ስለ ደንብ አላወራም፣ ፍራሽ አመጡ፣ ብርድ ልብስ ደረቡ፣ ትንሹ ሲያስለው ዝንጅብል ያለበት ሻይ ሳንጠይቅ መጣ። አውሮፓ ስኖር በዚህ ሁሉ ዓመት ሆቴል ውስጥ እንዲህ ያደረገልኝ ሰው የለም። ክፍሉ ያረጀ ነበር፣ አንድ ቀን ሙቅ ውሃ ጠፍቷል፣ እሱም አለ።

ግን ቦታው! የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ቀስ አልን፣ ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ ልጆቹ ትንሿን ዳገት ሲወጡ እንኳን ያለከልኩ ነበር። ከዛ ለመዱት። ጠዋት ብሔራዊ ሙዚየም በእግር፣ ድንቅነሽን አይተው 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚለውን ቁጥር ሲከራከሩበት ዋሉ። ሌላ ቀን ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ የጃንሆይ ቤተ መንግሥት የነበረው ሙዚየም፣ ሌላ ቀን ሥላሴ፣ ሌላ ቀን ፒያሳ የዓድዋ መታሰቢያና ጊዮርጊስ። ስምንት ሰዓት ላይ ደመናው ሲጠቁር ሁላችንም ክፍላችን ውስጥ ነን፣ ዝናቡ ሲያባራ እንደገና እንወጣለን። ሮም ላይ ለፀሐዩ ያገለገለን ቀትር እዚህ ለዝናቡ ዋለ። ማታ ዘመድ ቤት ስንሄድ ልጆቹ የሚያወሩት ነገር ነበራቸው፣ እነሱ ራሳቸው ለአጎታቸው መንገድ እያሳዩ።

የኛ ሆቴል ባለቤቶች ይሄን ቢያስተውሉ ደስ ይለኛል። ማስታወቂያቸው ላይ እብነ በረዱንና ቲቪውን ያሳያሉ፣ ከበራቸው አሥር ደቂቃ ላይ ምን እንዳለ ግን አይጽፉም። አራት ኪሎ ላይ ሆኖ "ብሔራዊ ሙዚየም በእግር ይህን ያህል ደቂቃ" ብሎ መጻፍ ምንም ወጪ የለውም፣ ልጅ ይዞ ለሚመጣ ሰው ግን ከአልጋው ስፋት ይበልጥበታል።

ከመመለሳችን በፊት በነበረው ቀን ትልቋ ልጄ አንበሳውን ማየት እፈልጋለሁ አለች። ሮም ላይ ነግሬያት ነበር፣ ለገሃር ፊት ለፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ጊዜ ተዘርፎ እዛው የዶጋሊ ሐውልት ሥር፣ እኛ ካረፍንበት ሆቴል ብዙ ሳይርቅ፣ ቆሞ እንደነበር። ከፒያሳ ቸርችል ጎዳናን ይዘን ቁልቁል ወረድን፣ አክስቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ትንሹን በእጃቸው ይዘው ከፊት ከፊት። ልጅቷ አንበሳውን ዞራ ዞራ አየችው፣ ሮም ላይ የዶጋሊን ሐውልት ያነሳችበትን ፎቶ ከስልኳ አውጥታ ለአክስቴ አሳየቻቸውና እየተኮላተፈች በአማርኛ ታስረዳቸው ጀመር። ሽቅቡን በታክሲ ተመለስን፣ ዝናቡ ጀምሮ ነበር።