ቁጥሩን ተዉትና መሰኪያውን ንገሩን

የቴሌቪዥን አምራቾች ቀይና ነጩን የድምፅ መውጫ ከአዳዲስ ምርቶቻቸው ጀርባ እየቀነሱ በመጡ ቁጥር፣ በየሳሎናችን ለዓመታት ያገለገለን አምፕሊፋየር ያለ ጥፋቱ ጡረታ ውጣ እየተባለ ነው። ዕቃው አልተበላሸም፤ ስፒከሮቹም ዛሬ በየሱቁ ከሚደረደሩት ብዙ ቀጫጭን የፕላስቲክ ሳጥኖች የተሻለ ድምፅ አላቸው። ችግሩ ቴሌቪዥኑ ድምፁን በዲጂታል መልክ ሲያወጣ አምፕሊፋየሩ የሚቀበለው አናሎግ ብቻ መሆኑ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸውም ዳክ የሚባለው ትንሽ መቀየሪያ ነው። ይህን ዕቃ ለመግዛት መገደዳችንን እንኳ ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት ሻጩም ሆነ ካርቶኑ ስለማያስፈልገን ነገር አብዝተው እያወሩ፣ ስለሚያስፈልገን ነገር ትንፍሽ አለማለታቸውን ነው።

መርካቶም ሆነ ሌላ የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ገብቶ ዳክ ለጠየቀ ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ ቁጥር ነው። ይህኛው 24 ቢት 192 ኪሎኸርዝ ነው፣ ያኛው ደግሞ 32 ቢት 384 ነው፣ ስለዚህ ያኛው ይበልጣል፣ ዋጋውም ይበልጣል ይባላል። ኪሎኸርዙ ድምፁ በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚለካ፣ ቢቱ ደግሞ እያንዳንዱ ልኬት ምን ያህል ዝርዝር እንደሆነ የሚናገር ነው። የሙዚቃ ሲዲ በ1982 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ የተወሰነለት ልክ 16 ቢትና 44.1 ኪሎኸርዝ ሲሆን፣ ይህ ልክ ቅጥነቱ እስከ 22 ኪሎኸርዝ ገደማ የሚደርስ ድምፅ ለመያዝ ይበቃል፤ የጤነኛ ወጣት ጆሮ ግን 20 ኪሎኸርዝ አካባቢ ላይ ያበቃል፣ ዕድሜ ሲገፋም ከዚያ በታች ይወርዳል። 16 ቢት በደካማውና በብርቱው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ሲሰጥ፣ ተራ የካሴት ቅጂ 60 መድረሱም ያጠራጥራል። በዩቲዩብ የምናደምጣቸው ብዙዎቹ የድሮ ዘፈኖች ደግሞ ከካሴት ተገልብጠው፣ እንደገና ተጨምቀው የተጫኑ ናቸው። ከመነሻው ቅጂ ላይ የሌለውን ድምፅ፣ 384 ስለተጻፈበት ብቻ ይህ ሳጥን ከየት አምጥቶ ሊያሰማን ነው? በዳኮች መካከል ልዩነት የለም እያልኩ አይደለም፤ ሙዚቃው ሲቆም የራሳቸውን ሹክታ የሚያሰሙ ርካሽ ዳኮች አሉ፤ ነገር ግን ይህን ጉድለት የሚያሳብቅ ቁጥር ካርቶኑ ላይ አይታተምም።

ገዢው በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው፣ “ቴሌቪዥንህ ጀርባ ያለው መውጫ የትኛው ነው?” ተብሎ ነበር። ድምፁን በብርሃን የሚያወጣው ኦፕቲካል ከሆነ ኦፕቲካል መግቢያ ያለው ዳክ ይበቃዋል። ያለው ኤችዲኤምአይ ብቻ ከሆነ፣ ኤአርሲ (ቴሌቪዥኑ በኤችዲኤምአይ ገመድ ድምፅ ወደ ውጭ የሚልክበት መንገድ) ተብሎ ከተጻፈበት መሰኪያ ድምፅ መቀበል የሚችል ዳክ መፈለግ አለበት፤ ከማንኛውም ኤችዲኤምአይ ድምፅ ነጥሎ ያወጣል እየተባለ ከሚሸጠው መካከል ኤአርሲን የማይቀበል አለና። ይህን ሳይጠይቅ ዕቃውን በፌስታል ጠቅልሎ የሚሰጥ ሻጭ፣ የጫማ ቁጥር ሳይጠይቅ ጫማ እንደሚሸጥ ሰው ነው።

ሁሉም ልክ ሆኖ ተሰክቶ እንኳ ድምፅ ላይመጣ ይችላል። በ1983 እ.ኤ.አ. ቶሺባ ያስተዋወቀው የኦፕቲካል ገመድ ድምፁን በብርሃን የሚያስተላልፍ በመሆኑ፣ ሁለቱ ጫፎቹ እንዳይጫሩ ትንንሽ የፕላስቲክ ክዳን ይደረግላቸዋል፤ ክዳኑ ገመዱን ስለሚመስል ግን ሳይወልቅ ለመሰካት የሚታገል ሰው ብዙ ነው። እሱስ ይሁን፤ ክዳኑ ወልቆ ቀዩ ብርሃን እየታየም ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ቴሌቪዥኑ ድምፁን ዶልቢ ዲጂታል በሚባለው የመጭመቂያ ዘዴ አሽጎ እየላከ፣ ርካሹ ዳክ ደግሞ ፒሲኤም ከሚባለው ያልተጨመቀ ዲጂታል ድምፅ ሌላ የማያውቅ መሆኑ ነው። ገዢው የሚሰማው ወይ ጸጥታ ነው፣ ወይ ስፒከር የሚያስፈራ ፍጭት ነው። መፍትሔው በቴሌቪዥኑ የድምፅ ሜኑ ውስጥ ገብቶ የዲጂታል መውጫውን ፒሲኤም ማድረግ ብቻ ነው። ይህን አንድ መስመር በትልቁ ካርቶኑ ላይ ማተም ምን ያህል ቀለም ይፈጅ ነበር? ስንቱ ደህና ዳክ “ተበላሽቷል” ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ተጥሎ ይሆን?

ከአምፕሊፋየሩ በኩል ያለው ችግር ቀላል ነው፤ ዳኩን ሲዲ ወይም ኦክስ በሚለው መግቢያ መሰካት ነው። ባለሙያ ነኝ ብሎ ቤት ድረስ የሚመጣው ሰው ግን ክፍት ያገኘው ፎኖ የሚለውን ስለሆነ እዚያ ይሰካዋል። ፎኖ የሸክላ ማጫወቻ መግቢያ ነው፤ የሸክላው መርፌ የሚያወጣውን ደካማ ምልክት መቶ እጥፍ ያህል ያጎላዋል፣ ወፍራሙን ድምፅም ለብቻው ያሳድገዋል። ዳክ እስከ 2 ቮልት ገደማ ስለሚያወጣ፣ በዚህ በኩል ሲገባ የሚሰማው የተቀደደ ጩኸት ነው። ባለሙያው ግን “አምፑ አርጅቷል” ብሎ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል።

ከሁሉም የሚከፋው ማጉረምረሙ ነው። የብዙ ቤቶቻችን ሶኬት የኧርዝ ሽቦው ቦታ አለው እንጂ ሽቦው ራሱ የለም፤ ጣሪያ ላይ ያለው የዲሽ ገመድ ደግሞ የራሱን መንገድ ይዞ በሪሲቨሩ በኩል ወደ ቴሌቪዥኑ ይገባል። ዕቃዎቹ በመዳብ ገመድ ሲያያዙ የ50 ኸርዙ መብራት በስፒከሩ ውስጥ እምም ማለት ይጀምራል። ኦፕቲካል ገመድ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ይህን ግንኙነት ይቆርጠዋል፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ከዳኩ ጋር የሚመጣው አጭር የዩኤስቢ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ላይ ኃይል እንድንወስድ ይጋብዘናል፤ እንዲያ ስናደርግ ብርሃኑ የቆረጠውን ግንኙነት የኃይል ገመዱ መልሶ ይቀጥለዋል፣ እምምታውም ተመልሶ ይመጣል። ለብቻው በሆነ የ5 ቮልት ቻርጀር ቢሠራ ይሻላል፤ ቻርጀሩም ርካሽ ከሆነ የራሱን ሲሲታ ይጨምርበታል። ይህን የሚናገር መመሪያ እስካሁን አላየሁም፤ የሚገኘው መመሪያ ስለ ድምፁ “ንጽህና” የሚያወራ የተጣጠፈች ብጣሽ ወረቀት ናት።

ድምፁ መጥቶ ጥርት ካለ በኋላም የቤተሰብ ጠብ አለ። በብዙ ቴሌቪዥኖች የኦፕቲካሉ መውጫ መጠኑ የማይለወጥ ስለሆነ፣ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ከእንግዲህ ድምፅ አይቀንስም። አሮጌው አምፕሊፋየር ሪሞት ከሌለው፣ ማስታወቂያ በጮኸ ቁጥር እናታችን ከመቀመጫቸው እየተነሱ ቁልፉን ሊያዞሩ ነው ማለት ነው። የራሳቸው የድምፅ መቆጣጠሪያና ሪሞት ያላቸው ዳኮች አሉ፤ ሻጩ ግን ስለ እነሱ የሚያነሳው ከገዛን በኋላ ልናማርር ስንመለስ ነው።

ያኔም ቢሆን ግድግዳው ላይ “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የሚለው ወረቀት ይጠብቀናል፤ አልያም “ብሉቱዝ ውሰድና ተገላገል” እንባላለን። ብሉቱዝ ድምፁን ከመጭመቁም በላይ ስለሚያዘገየው፣ ዜና አንባቢው አፉን ከከደነ በኋላ ቃሉ ይደርሳል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የት እንደደረሰ ለሚያውቅ ሻጭ፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ አምፕሊፋየር ሱቁ ውስጥ አስቀምጦ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ሰክቶ ማሳየት ከባድ አይመስለኝም። እንዲህ የሚያደርግ ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ ሰፈሩን እባካችሁ ጠቁሙኝ።