ለሰው ለማይሠሩት ክቡር ሊፍት

ቁጥር፦ መዝገብ ቤቱ ፎቅ ላይ ስለሆነ አልተሰጠውም
ቀን፦ መብራት የነበረበት ቀን
ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ነው? በርዎ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ለጥገና ዝግ ነው» ይላል። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ጫፉ ተጠቅልሏል። ስኮቹ ላይ ሌላ ስኮች ተደርቦበታል። ሕመምዎ የቆየ መሆኑን የተረዳሁት ከዚያ ነው። እግዚአብሔር ይማርዎት።

እኔ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ለጽሑፍ ፈተና የመጣሁት ባለ ዊልቸሯ ነኝ። የሥራ መደቡ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ተፈላጊ ችሎታው ሌቨል 4፣ የሥራ ልምድ ዜሮ ዓመት። ማስታወቂያው ግርጌ ላይ «ሴቶችና አካል ጉዳተኞች ይበረታታሉ» የሚል አለ። እኔ ሁለቱንም ስለሆንኩ በጣም ተበረታታሁ። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ሰርተፍኬቴን፣ ትራንስክሪፕቴን፣ ያው የምታውቁትን ኦሪጅናልና ኮፒ ሁሉ ፋይል ውስጥ ከትቼ መጣሁ።

ፈተናው አራተኛ ፎቅ ነው ተባለ። ጥበቃው ትልቅ ሰው ናቸው። ከንፈራቸውን መጠጡ። «የኔ ልጅ፣ ሊፍቱ አይሠራም እኮ። ቀድመሽ አትደውዪም ነበር?» ደውዬ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «ሊፍት አለን» አለችኝ። አልዋሸችም፤ እርስዎ አሉ።

ከዚያ መግቢያው ላይ ስብሰባ ተደረገ። አጀንዳው እኔ ነኝ። እኔን ግን የጠየቀኝ የለም። አንዱ «ከነወንበሯ እናንሳት» አለ። ሌላው «ወንበሩ ይከብዳል፤ እሷን ለብቻ፣ እሱን ለብቻ» አለ፤ ልክ ቁም ሣጥን እንደሚያጓጉዝ ሰው። ሰዓቱ እየደረሰ ነው። እሺ አልኩ። አራት ጎልማሶች ከነወንበሬ ብድግ አደረጉኝ። በአንድ እጄ ፋይሌን፣ በሌላው ቀሚሴን ይዣለሁ። ሁለተኛ ፎቅ ልንደርስ ስንል አንዱ ላብ በላብ ሆኖ «ትንሽ እንረፍ» አለ። ደረጃው መሃል፣ አንዱ ጎማ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ወጪ ወራጁ እያየኝ አረፍን። አንዲት እናት ሲያልፉ ዐሥር ብር ፋይሌ ላይ ጣል አድርገው «ማርያም ትማርሽ» አሉኝ። ልመልስላቸው ብል እጄ ቀሚሴን ይዟል።

ድምፅዎን የሰማሁት ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ ነው። ቲንግ!

በርዎ ተከፈተ። መብራትዎ በርቷል። መስታወትዎ ተወልውሏል። ውስጥዎ አንድ ትልቅ የቆዳ ሶፋ ቆሟል፤ ላስቲኩ ገና አልተላጠም። አጠገቡ ቁልፍ በጣቱ የሚያሽከረክር ሰው አለ። ሶፋው ለአዲሱ ኃላፊ ቢሮ ነው አሉ። ሰውየው እኔን አየኝ። እኔ ሶፋውን አየሁት። ከተሸካሚዎቼ አንዱ «እንዴ! ይሠራል እንዴ?» አለ።

«ለሰው አይሠራም፤ ለዕቃ ነው» አለና በሩ ተዘጋ። ሶፋው ወጣ።

አራተኛ ፎቅ ስደርስ ፈተናው ተጀምሯል። ፈታኟ ግቢ አለችኝ። ያለፈኝን ሰዓት ግን አልጨመረችልኝም፤ «ለሌሎቹ ፍትሐዊ አይሆንም» አለች። ሌሎቹ በገዛ እግራቸው ወጥተው፣ ላባቸውን ጠርገው፣ እስክሪብቶ ተዋውሰው ጨርሰዋል። እኔ እጄ እየተንቀጠቀጠ የባንክ ሒሳብ አስታረቅሁ። ሁሉም ሲበተን ተሸካሚ እስኪሰበሰብልኝ እዚያው ቁጭ አልኩ። ያን ጊዜ የሰው ኃይል ባለሙያው መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ መከረኝ። «እውነት ለመናገር ቢሮው እዚሁ ፎቅ ላይ ነው። ብታልፊስ በየቀኑ ማን ያወጣሻል? ለአንቺው ብለን ነው።»

ማን ያወጣሻል?

እዚህ ላይ እርስዎ ማለቴ ቀረ። አንተ ታወጣኛለህ እንጂ! የተገጠምከው ለምን ሆነና? ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣብህ ሶፋ ልታመላልስ ነው? እኔ ደግነት አልጠየቅሁም። ጥበቃው ደግ ናቸው። አራቱ ልጆች ደጎች ናቸው። ዐሥር ብር የጣሉልኝ እናትም ደግ ናቸው። በደግ ሰው ተከብቤ ነው የተዋረድኩት። ከዚያ ሁሉ ደግ ሰው መሃል ንብረት ክፍል ሄዶ ቁልፉን ያመጣ አንድ ሰው ጠፋ። ምድር ቤት ያለው የስብሰባ አዳራሽ ባዶውን ነበር፤ በመስታወቱ አይቼዋለሁ። ወንበር አለው፣ ጠረጴዛ አለው። ፈተናውን እዚያ ማድረግ የማንንም ደመወዝ አይቀንስም ነበር።

ይቅርታ። ወደ እርስዎ ልመለስ።

ሕግ የለም እንዳይሉኝ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ የሥራውንም የሥልጠናውንም ቦታ ለአካል ጉዳተኛ ያመቻች ይላል። ነጥባችን ከሌላው ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነም ቅድሚያ ስጡ ይላል። ተቀራራቢ ነጥብ ለማምጣት መጀመሪያ ፈተናው ክፍል መድረስ እንደሚያስፈልግ አርቃቂዎቹ ሳይታያቸው አልቀረም መቼም። የሕንፃ አዋጁ 624/2001 በበኩሉ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄደውም መግቢያ ይኑረው ብሏል። በ2002 የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቀናል። ታትሟል፣ ወጥቷል፣ ሥልጠና ተሰጥቶበታል፣ አበል ተበልቶበታል። ቁልፉ ግን የሰውየው ጣት ላይ ነው።

ዘመዶችዎንም አውቃቸዋለሁ። ኮሌጃችን ያለው ራምፕ ቁልቁለቱ ለስኪ ይሆናል፤ ሥሩ ደግሞ ሞተር ይቆምበታል። «የአካል ጉዳተኞች» የሚል የተለጠፈበት ሽንት ቤት መወልወያና ባልዲ ያድርበታል። ሚኒባስ ላይ ወንበሬም እንደ ሰው ይከፍላል። መስማት የተሳናት ጓደኛዬ ለቃል ፈተና ያለ አስተርጓሚ ቀርባ «አልመለሰችም» ተብሎ ተጻፈባት።

እኔማ ኤሌክትሪክ ነበር መማር የፈለግሁት። ሬጅስትራሩ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «መሰላል ትወጫለሽ?» አሉ። ወርክሾፑ ራሱ ፎቅ ላይ ነበር። አካውንቲንግ የተማርኩት ወድጄው አይደለም፤ ክፍሉ ምድር ቤት ስለነበረ ነው። ዘመዶቼ «ተቀምጠሽ የምትሠሪው ነው» ብለው መረቁኝ። ምድር ቤት ተምሬ ሥራው አራተኛ ፎቅ ተገኘ። ከአንደኛው ወደ ሌላው የሚያደርሰው መንገድ እርስዎ ነዎት፣ ክቡር ሊፍት። እርስዎ ደግሞ ሶፋ ይዘዋል።

ከሠላምታ ጋር
የተበረታታችው

ግልባጭ፦
ለቁልፉ ያዥ፦ ዕቃ ልባል ፈቃደኛ ነኝ፤ የዕቃ ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 ይቆረጥልኝ።
ለአዲሱ ሶፋ፦ ያለ ፈተና ስላለፉ እንኳን ደስ ያለዎት። የእኛ ውጤት የሚለጠፈው እርስዎ ፎቅ ላይ ነው አሉ። ስሜ ካለ እባክዎ ይደውሉልኝ።