ከአዲስ አዳራሽ በፊት ለሆስፒታሉ አገልጋይ

ጅማ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት «አዲስ የአገልግሎት መስክ» ሲሉ ብዙ ጊዜ አዲስ አዳራሽ ማለታቸው ነው። ለእኔ ግን ያልተነካው መስክ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው።

እዚያ የሚተኛው የከተማው ሰው ብቻ አይደለም። ሪፈር ተጽፎለት ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከኢሉባቦር የሚመጣው ብዙ ነው። ሰፈሩ ቢሆን የንስሐ አባቱ፣ ፓስተሩ ወይም ኢማሙ ይጠይቀው ነበር። ዕድርተኛውም አይቀርም። እዚህ ያለችው አንዲት አስታማሚ ናት። እሷም መድኃኒትና ደም ፍለጋ ስትሯሯጥ ትውላለች። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የሚላት የለም።

ሌላው ዓለም ለዚህ የተመደበ ሰው አለው፤ ቻፕሊን ይሉታል። የእንግሊዝ የመንግሥት ሆስፒታሎች ደመወዝ ከፍለው ያሠሩታል። ዛሬ በዚያ ሥራ ላይ ሙስሊሞችም አሉ። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 ደግሞ የታሰረ ሰው የሃይማኖት አማካሪው እንዲጎበኘው መብት ሰጥቶታል። ማቴዎስ 25 ላይ የታመመውና የታሰረው ጎን ለጎን ናቸው። እኛ ለምን ለያየናቸው?

«በየአልጋው እየዞረ የሚጸልይ ሞልቶ!» ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ እሱ ነዋ! ጉሉኮስ የተሰካለት ሰው ስብከት ቢሰለቸው ተነስቶ አይሄድም። «ድነሃል፣ መድኃኒቱን ተወው» የሚል ሲመጣማ ነገሩ አደጋ ይሆናል። አቡነ ጳውሎስ እንኳ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንዲወሰዱ በይፋ ተናግረዋል። ይህ ክርክር ያኔ ማብቃት ነበረበት።

እኔ የምለው አገልጋይ የሠለጠነ፣ ነርሶቹ የሚያውቁት፣ ካልጠየቁት የማይጸልይ ነው። ኦሮምኛ ካልቻለ ባይመጣ ይሻላል። የጅማ ዞን ደግሞ ሙስሊሙ የሚበዛበት አገር ነው። ሕመምተኛው ሙስሊም ከሆነ «አላህ ያሽርህ» ብሎ፣ ከፈለገ ኢማም ይጥራለት። ይህን ማድረግ የሚከብደው ሰው ለሌላ አገልግሎት ይመደብ።

ደመወዙን መንግሥት ይክፈል አልልም። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለያይቷል። አብያተ ክርስቲያናቱ ተዋጥተው አንድ ሰው መቅጠር አያቅታቸውም። የሚከብዳቸው ሪፖርቱ ነው። «ዘንድሮ ስንት ሰው ጌታን ተቀበለ?» ሲባል ይህ ሰው የሚሞላው ቁጥር አይኖረውም። ሽማግሌዎቹ ያንን ባዶ ቦታ አይተው በዓመቱም በጀቱን ካጸደቁለት፣ የቀረው ከሆስፒታሉ አስተዳደር ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው።